የሚናገር መሣሪያና የሚሰማ መምህር

ሕፃንን ለማስተማር መሣሪያ ማስፈለጉ የታወቀ ነው፤ ፊደል ገበታን፥ ንባብም መጽሐፍን ይሻልና። ነገር ግን መሣሪያው እየበዛና እየረቀቀ በሄደ መጠን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም፦ መሣሪያው መምህሩን ያግዛልን፥ ወይስ በመምህሩ ወንበር ይቀመጣል? የሚል ነው። ይህ የዕቃ ጥያቄ አይደለም፤ የአደራ ጥያቄ ነው እንጂ። ሕፃን አደራ ነውና፥ አደራውን ለማን አሳልፈው እንደ ሰጡት የሚጠየቁት ወላጆችና ካህናት ናቸው።

በወልቂጤና በቡታጅራ ነገሩ ጐልቶ ይታያል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ቡታጅራም ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ሁለቱም የገበያ ከተሞች ናቸው። የከተማው ልጅ ሳምንቱን በመደበኛው ትምህርት ቤት ይውላል፤ ሲመለስም ወላጆቹን በሱቅ ያግዛል። ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚተርፈው የቅዳሜና የእሑድ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። አያቶቹ ከየኔታ እግር ሥር ዓመታት ተቀምጠው ያገኙትን እርሱ በዚህች ሰዓት ያገኝ ዘንድ ይፈለጋል። ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግሉት ወጣቶች በስልክ የተቀረጸ ጸሎት፥ በፕሮጀክተር የሚታይ ሥዕል፥ በቴሌግራም የሚላክ የመልመጃ ወረቀት መፈለጋቸው አያስወቅሳቸውም።

በእርግጥ የመሣሪያ ነገር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ብራናው ራሱ መሣሪያ ነበር። አንድ ዳዊት ለመጻፍ የብዙ ፍየል ወይም የብዙ በግ ቆዳ ተፍቆ፥ ተወጥሮ፥ ተሰምሮ፥ ቀለሙም ተበጥብጦ፥ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ አጐንብሶ ይደክም ነበር። ከዚህም የተነሣ መጽሐፍ የቤተ ክርስቲያንና የባለጸጋ ገንዘብ እንጂ የድኻ ልጅ ገንዘብ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ማተሚያ መጣ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ካህን በሮማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲጸልዩ ሰምቶ ተደነቀና፥ ከእነርሱ ግዕዝን ተምሮ፥ በ1513 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መዝሙረ ዳዊትን በዚያው በሮማ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው። ነገር ግን ፖትከን ቋንቋውን ግዕዝ አላለውም፤ በስሕተት ከለዳዊ ብሎ ጠራው። እንግዲህ መጽሐፍን በእጅ መያዝና መጽሐፍን ማወቅ አንድ አለመሆናቸው ገና ከመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ጋራ አብሮ ታየ። በኢትዮጵያም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጻሕፍት እየበዙ ዋጋቸውም እየቀነሰ ሲሄድ፥ የነጋዴውና የገበሬው ልጅ የራሱን ዳዊት ለመያዝ ቻለ። ይህ ታላቅ በጎነት ነው።

ሆኖም ማተሚያው የኔታን አላስቀረም። ምክንያቱም ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፥ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። በግዕዝ ንባብም ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ሰያፍ፥ ተጣይ እየተባለ የሚለየው ስልት በወረቀቱ ላይ አይገኝም፤ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ይሄዳል እንጂ። መጽሐፉ በበዛ ቍጥር የሚያስነብበው ሰው ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ።

ሦስተኛው መሣሪያ ድምፅን የሚቀርጸው ነው። እውነት ይነገር ከተባለ ይህ መሣሪያ ማተሚያው ያልቻለውን ችሏል። ጥብቁን ከላላው፥ ወዳቂውን ከተነሹ ለይቶ ያሰማል፤ የአንዱን ሊቅ ዜማ በሺሕ ቤት ያደርሳል፤ ሺሕ ጊዜ ቢደግሙትም አይሰለችም። እንግዲህ ምን ጐደለው ተብሎ ቢጠየቅ፥ የሚከተለው ምሳሌ መልስ ይሆናል።

ለመስቀል በዓል በአዲስ አበባና በሌላው ከተማ በንግድ ተበትኖ የከረመው ጉራጌ ሁሉ ወደ ትውልድ ቦታው እንደሚገባ የታወቀ ነው። በአንዱ ቤት አያት በምድጃው ዳር ተቀምጠው፥ ከአዲስ አበባ የመጣውን የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸውን «የተማርኸውን ጸሎት እስኪ አድርስልኝ» አሉት እንበል። ልጁም አቡነ ዘበሰማያትን አንድ ቃል ሳያጐድል፥ የሚጠብቀውን አጥብቆ የሚላላውን አላልቶ አደረሰ። አያት ደስ አላቸው። ልጁ ግን «አሜን» ካለ በኋላ ትንፋሹን ሳይሰበስብ «ቻናላችንን ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» ብሎ ጨመረበት። በቤቱ ያለው ሁሉ ሣቀ፤ ልጁ ግን ለምን እንደሚሥቁ አላወቀም።

በዚህ ነገር ልጁ በደል የለበትም። የሰማውን ሳያጐድልና ሳያዛባ መለሰ፤ ይህም የጥሩ ተማሪ ጠባይ ነው። መሣሪያውም አልዋሸም፤ የተሰጠውን ተናገረ። የጐደለው ሌላ ነው። ጸሎቱ የት እንደሚያልቅና ገበያው ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው ሰው በልጁ አጠገብ አልነበረም። መሣሪያ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ልጁ ሺሕ ጊዜ ቢሳሳት ሺሕ ጊዜ ያንኑ ይደግምለታል፤ «ቈይ ልጄ፥ እንዲህ አይደለም» አይለውም።

የአብነት ትምህርት ምሥጢር ግን በመናገር ብቻ አልነበረም፤ ይልቁንም በመስማት ነበር። ሃያ ልጆች በአንድነት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያንዳንዱ የየራሱን ሲያነብ፥ የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ያንቀላፉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በዳር የተቀመጠው አንዱ ልጅ አንዲት ፊደል ሲስት ወዲያው ስሙን ጠርተው ያርሙታል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ቈጥሮ ያመጣውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምተው ይነቅፋሉ፥ ያቀናሉ፥ ያጸናሉ። ያልተሰማ ቅኔ ቅኔ አይባልም። በቡታጅራ ጎረቤት ሆኖ የሚኖረው የሙስሊም ልጅም ከሎሑ ላይ የጻፈውን ይዞ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ይቀራል። ሃይማኖቱ ቢለያይም፥ ጽሕፈት ብቻውን ሰው እንደማይሠራ ሁለቱም ወገኖች ከጥንት ጀምሮ አውቀውታል።

የቅዱስ ያሬድም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩና ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ተለይቶ በሸሸ ጊዜ፥ በማይ ኪራሕ በዛፍ ጥላ ተቀምጦ፥ አንዲት ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ስትወጣ አየ። እንግዲህ ትሊቱ መሣሪያ ሆነችለት። ነገር ግን ያሬድ ከዚያ በኋላ ወዴት ሄደ? ከትሊቱ ጋራ አልቀረም፤ ወደ መምህሩ ተመለሰ። የመልካም መሣሪያ ምልክቱ ይህ ነው፤ ልጁን ወደ መምህሩ ይመልሰዋል።

የሥዕልም ነገር እንደዚሁ ነው። በጥንቱ ሥርዐት የኢትዮጵያ ሠዓሊ ጻድቁን ፊቱን አቅንቶ ሁለት ዐይኑን ያሳያል፤ ክፉውን ግን ከጎን አድርጎ አንድ ዐይኑን ብቻ ይሥላል። ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ በዚህ ይለያል። ዛሬ ግን ከውጭ አገር የተወሰደ ቀለም የሚቀባ ወረቀት ለሕፃናት ይታደላል። በእርሱም ላይ ሐዋርያው ጴጥሮስ ከጎኑ ተሥሎ ቢገኝ፥ ግድግዳውን ማንበብ የለመደ ልጅ «ይህ ይሁዳ ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ሥዕሉ በተሠራበት አገር ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳይመረምሩ በማደል ነው። ይልቁንም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አዲሱ ጥበብ በቅጽበት ሥዕል በሚሠራበት በዚህ ዘመን ጥንቃቄው ሊበዛ ይገባል። የቀድሞው ሠዓሊ ሥርዐቱን ቢያፈርስ ተጠርቶ ይጠየቅ ነበር፤ ይህ ግን ቢስት ተጠያቂው ሥዕሉን መርጦ በሕፃኑ ፊት ያኖረው ሰው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን መምህሩ ከወዴት ይምጣ? በገጠሩ አንድ ዲያቆን ለብዙ ሕፃናት ብቻውን ነው፤ የኔታ አርጅተዋል፤ ተተኪውም ለእንጀራ ሲል ወደ ከተማ ሄዷል። ልጁ ምንም ሳይሰማ ከሚያድግ ከስልክ ቢሰማ አይሻልምን?» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት፤ በችኰላ ሊናቅም አይገባም። የተራበን ሰው፥ እህሉ በእጅ ወፍጮ አልተፈጨም ብሎ ማስጾም ጭካኔ ነው። መምህር ለሌለው ሕፃን የተቀረጸውን ጸሎት መከልከል፥ ለሥርዐት የተቈረቈሩ መስሎ ሕፃኑን መበደል ይሆናል።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። መምህር ስለሌለ መሣሪያ መስጠት ምጽዋት ነው፤ መሣሪያ ስላለ መምህር አያስፈልግም ማለት ግን አደራ መብላት ነው። ሁለቱን የሚለየውም በአፍ የሚነገረው ሳይሆን ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ነው። ፕሮጀክተር በአንድ ቀን ይገዛል፤ የሰጪው ስም ይጻፍበታል፤ በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት ይታያል፤ ይጨበጨብለታልም። የየኔታ ቀለብና ልብስ ግን በየወሩ ነው፤ ስም አይጻፍበትም፤ ማንም አያየውም። የወልቂጤና የቡታጅራ ነጋዴዎች ለቤተ ክርስቲያን እጃቸው የተዘረጋ ነው። ልግስናቸው ሁሉ ወደሚታየው ዕቃ ሄዶ የማይታየው መምህር ቢራብ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዕቃው ይበላሻል፤ መምህሩም አይገኝም። ስለዚህ ለዕቃ አንድ ብር ሲሰጥ ለመምህር ሁለት ይሰጥ ማለት ከልክ ያለፈ ምክር አይደለም።

ሌላም የፍትሕ ነገር አለ። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፊደል ገበታ የሁሉ ነው፤ ስልክ ግን የባለቤቱ ነው። ትምህርቱ በስልክ ብቻ የሚላክ ከሆነ የቀን ሠራተኛው ልጅ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በእሑድ ጉባኤም አንገቱን ይደፋል። የጉራጌ አባቶች በመንደራቸው መካከል ጀፎረ የሚባለውን ሰፊ መንገድ ያስቀራሉ፤ ባለጸጋውም ድኻውም በእኩልነት ይሄድበታል፤ ማንም ወደ ግቢው አያጥረውም። የሕፃናት መማሪያም እንደ ጀፎረ ሊሆን ይገባል። አንድ የጋራ ማሰሚያ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አኑሮ፥ ልጆቹ በአንድነት እየሰሙ፥ ከዚያም ያጠኑትን በተራ ለመምህራቸው እያሰሙ እንዲማሩ ማድረግ ሁለቱንም ይጠብቃል።

ደግሞም መሣሪያው ከውጭ የሚመጣ ብቻ እንዲሆን ግድ የለም። ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ልዩ ፊደላት በ2021 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት ስምምነት በሆነው በዩኒኮድ ገብተዋል። እንግዲህ የጸሎቱን ትርጓሜ አያት በሚናገሩበት ቋንቋ ጽፎ ለልጁ ማቅረብ ይቻላል። ይህን ሥራ ከባሕር ማዶ የሚልክ የለም፤ ሁለቱንም የሚያውቅ የአገሩ ልጅ ቢሠራው እንጂ።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መንገደኛ በሶዶ ምድር ጢያን ያገኛል። በዚያ 36 የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ በ32ቱ ላይ ሰይፍና ሌላ ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። ከመቃብር ላይ የቆሙ መሆናቸውን ሊቃውንት ቈፍረው አረጋግጠዋል፤ የብዙውን ምልክት ፍቺ ግን እስከ ዛሬ አጥርቶ የሚናገር አልተገኘም። ድንጋዩ አልተሰበረም፤ ጽሕፈቱም አልጠፋም። የጠፋው፥ ለልጁ ያሳየውና ልጁም ሲመልስ የሰማው ሰው ነው። በዚያው በሶዶ በምድረ ከብድ ገዳም ግን ዳዊቱ ከድንጋይ በሚሳሳ ብራና ላይ ተጽፎ ሳለ ዛሬም ይነበባል፤ አንዱ ትውልድ ሌላውን እያሰማና እየሰማ ስላቈየው።

ዛሬ በልጁ እጅ ያለው መሣሪያ ከጢያ ድንጋይ እጅግ የረቀቀ ነው፤ ዕጣው ግን ከዚያ የተለየ እንዲሆን ከተፈለገ፥ ልጁ ጸሎቱን አድርሶ «አሜን» ባለ ጊዜ የሚሰማው ሰው በአጠገቡ ይኑር።