ስለ መስፈሪያና ስለ ተሰፋሪው

መስፈሪያ በመጀመሪያ የድኻ ወዳጅ ነበር። ባለጠጋውና ችግረኛው በአንድ ቁና በተሰፈረላቸው ጊዜ፣ ኀይል ያለው በሌለው ላይ የሚሠራው ዐመፃ ቢያንስ በገበያ አደባባይ ይገታልና፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ መሆኑን አጥብቀው የሚያስተምሩትም ስለዚሁ ነው።

በ1789 (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የፈረንሳይ ሕዝብ ለንጉሡ ካቀረበው አቤቱታ አንዱ፣ ግብር የሚሰፈርበት ዕቃ በባላባቱ እጅ መሆኑ ቀርቶ በአገሩ ሁሉ አንድ መስፈሪያ ይቁምልን የሚል ነበር። ሊቃውንቱም መለኪያውን ከንጉሥ ክንድ ሳይሆን ለሰው ሁሉ የጋራ ከሆነችው ከምድር ለመውሰድ ቆርጠው፣ ሜትር ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ካለው ርቀት ከ10 ሚሊዮን አንዱ እጅ ይሁን አሉ፤ ደላምብርና ሜሼን የተባሉት የሥነ ከዋክብት ሊቃውንትም በ1792 ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ምድር ሊለኩ ወጡ።

ሜሼን በባርሴሎና በሁለት ስፍራ ሆኖ ከዋክብትን ተመልክቶ ያገኘው ቁጥር 3 የማዕዘን ሴኮንድ ያህል አልገጥም አለው። ልዩነቱን ደበቀው፤ ሕሊናው ግን ዕረፍት ነሣው፤ ልኬቱን ሊያራዝም ወደ ስፔን ተመልሶም በ1804 ሞተ። ደላምብር ከባልንጀራው ሞት በኋላ መዝገቡን ሲመረምር ምስጢሩን አገኘ፤ አገኘውና አላቃጠለውም፣ ኋለኛው ትውልድ እንዲያየው በፓሪስ አኖረው። ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ በዓይን ለማይታይ ስሕተት አንዱ እስከ ሞት የተጨነቀበት፣ ሌላው ለወዳጁ ክብር ሲል እንኳ እውነቱን ያላጠፋበት ሥራ ከጸሎት ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ጥበብ በእውነት ጥበብ የምትሆነው ከልኬቷ ጋር የስሕተቷን ኑዛዜ ስታቀርብ ነው።

መቶ ዓመት ሳይሞላ ያው ትክክለኛነት ወደ ሰው ዞረ። ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራተኛውን እንቅስቃሴ በሴኮንድ መቁጠሪያ ሰዓት እየለካ፣ ቤተልሔም በተባለው የአሜሪካ የብረት ፋብሪካ በቀን 12 ቶን ተኩል ጥሬ ብረት ይጭን የነበረው ሰው 47 ቶን ያህል እንዲጭን እንዳደረገው፣ ደመወዙም ከ1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ከ85 ሳንቲም ከፍ እንዳለ በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱ ተርኳል። ሸክሙ አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ዋጋው እጥፍ እንኳ አልሆነም። ቴይለር ይህን ዘዴ ሳይንስ ብሎ ጠራው፤ እኔ ግን ስሙን አልቀበለውም። ሰዓቱ ሴኮንዱን በትክክል ቢቆጥርም፣ ለድካምና ለዕረፍት ይጨመር የነበረው ጊዜ የለኪው ግምት ነበር፤ ግምቱም ከቁጥሩ ጋር ተቀላቅሎ በወጣ ጊዜ የቁጥሩን ሥልጣን ለብሶ በድኻው ላይ ፈረደ። በዚህ ፋብሪካ ሜሼንም ደላምብርም አልነበሩም፤ ስሕተቱን የሚሸከመው ተሰፋሪው ነበርና፣ ሰፋሪው ስለ እርሱ እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት አልነበረውም።

ርዝመት በርዝመት፣ ክብደትም በክብደት ይለካል፤ መለኪያና ተለኪ በባሕርይ አንድ ሊሆኑ ግድ ነውና። በአርአያ ሥላሴ የተፈጠረው ሰው ግን በምን ይለካል? ጉልበቱ ቢለካ እርሱ አልተለካም። የካፒታል ሥርዓት የሚበድለው ጉልበቱን በመስፈሩ አይደለም፤ የሚሸጠውን ክፍል ሰፍሮ ሲያበቃ ያልተሰፈረውን እንደ ሌለ በመቁጠሩ ነው። የልጁ ሕመም፣ የእርጅናው ፍርሃት፣ በእጁ ሥራ የሚሰማው ደስታ በመዝገቡ ስፍራ የላቸውም።

በዚያው በ1911 በዋተርታውን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ብረት በቅርጽ የሚያፈስሱ ሠራተኞች ሰዓቱ ሲያዝባቸው ሥራ ጥለው ወጡ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ሠራተኛን በሰዓት መለካት በሕግ ከለከለ። እነዚያ ሠራተኞች በደረሰባቸው ነገር ላይ ከመሐንዲሱ የተሻለ ፈርደዋል። ዛሬም ሰውን በቁጥር የምትሰፍሩ አለቆችና ሹማምንት ሆይ፣ የለካችሁትን በምትጽፉበት መዝገብ ላይ ያልለካችሁትንም አብራችሁ ጻፉ።