ዋስትናው ያለፈበት መኪና

አዲስ የተገዛ መኪና ፍሬኑ እያስቸገረ፣ ጋራዡም «ተሠርቷል» እያለ ሲመልሰው የዋስትናው ጊዜ አለፈ እንበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለጉድለቱ ዋስ ያደርገዋል፤ ገዢውም ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ቃል ይካዳልና።

ከባዱ ጥያቄ ግን ወዲህ ነው። ይህ የተበደለ ገዢ ነገሩን ሰውሮ መኪናውን ለሌላ ሊሸጠው ይገባዋልን? በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቅዱስ ቶማስ አኲናስ፣ አንድ ዓይና ፈረስ የሚሸጥ ሰው ጉድለቱ ለሁሉ ስለሚታይ፣ ዋጋውን በሚገባ ከቀነሰ ዝም ቢል አይበድልም ይላል፤ አደጋ የሚያስከትል ስውር ጉድለትን ግን መግለጥ ግዴታው ነው። የደከመ ፍሬን እንደ ፈረስ ዓይን በገበያ ላይ አይታይም፤ የሚታወቀው ከጭሮ ወደ ሂርና በሚወስደው መንገድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ኪሳራው በእርግጥ ከባድ ነው፤ ተጠያቂው ግን የመጀመሪያው ሻጭ ነው። የሂርናው ገዢ ምን በደለ?