በክረምት መንገድ ስለ ድፍረትና ስለ ጥንቃቄ

ደፋር የሚባለው ሰው ማን ነው? የሞላውን ወንዝ በመኪና ጥሶ የሚያልፈው ነውን? ወይስ ከዳር ቆሞ ውኃው እስኪጎድል የሚጠብቀው? ጥያቄው ለጨዋታ የሚቀርብ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ክረምት በገባ ቍጥር በኢትዮጵያ የገጠር መንገድ ላይ የብዙ ሰው ሕይወት በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ስለዚህ ነገሩ የመሪና የጎማ ነገር ብቻ ሳይሆን የምግባርም ነገር ነው።

ዘመነ ክረምት በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። ከዚህም ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ዝናም የሚበረታባቸው ወሮች ናቸው። ለገበሬ በረከት የሆነው ይህ ዝናም ለመንገደኛ ፈተና ይሆናል። ዋልካ መሬት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጣጠቃል፤ በላዩ የተሠራውም መንገድ በዚሁ ምክንያት ይጎብጣል፥ ይሰምጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያሻግረው በዓባይ በረሃ መንገድ የመሬቱ መንሸራተት መሐንዲሶችን ለብዙ ዘመን አድክሟል። በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል ያለው ጣርማ በር ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ስፍራ ኢጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው ዋሻ አበጅተውበታል። ጉም የወረደበት ዕለት ግን ሾፌሩ ከመኪናው አፍንጫ ቀጥሎ ያለውን እንኳ ለማየት ይቸገራል። ከደባርቅ ወደ ታች የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድም ከገደሉ ጋር ተያይዞ የሚጠማዘዝ ነው።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ጠባይ ያውቁት ነበርና ለክረምት ይገዙለት ነበር። ዘማቹ ሰፈሩን ይዞ ይቀመጣል፤ ነጋዴውም ወንዙ እስኪጎድል ጭነቱን አውርዶ ይቈያል። «ከረመ» የሚለው ቃል ራሱ ክረምቱን በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ማሳለፍን ያመለክታል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ካመጣ ወዲህ ግን፥ እያደር ሰው የክረምት ሕግ የተሻረለት መሰለው። ሞተሩ በቅሎውን ተክቶ ሥራዋን ይሠራል፤ ነገር ግን በቅሎ ገደል አፋፍ ስትደርስ በራሷ ዕውቀት ትቆማለች፤ ሞተር ዕውቀት የለውም። ዕውቀቱ በሾፌሩ ዘንድ ካልተገኘ በሌላ በማንም ዘንድ አይገኝም።

ይህም ዕውቀት ከባድ ምርምር የሚጠይቅ አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ይህን ያህል መንገድ አልፎታል። ፍጥነቱን ከ30 ወደ 60 ቢያሳድገው ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ መንገዱ የረጠበ እንደ ሆነ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። የሚወርድ ጎርፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው ትንሽ መኪናን ከመሬት ሊያነሣ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር፥ ይኸውም ከጉልበት ጥቂት ከፍ ያለው፥ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ሊወስድ ይችላል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው ምሳሌ በእውነት የተፈተነ ቃል ነው።

እንግዲህ የምግባሩ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። ሁለት ሾፌሮች በነሐሴ ወር፥ ቀን ሲመሽ፥ መንገደኞች ጭነው ድልድይ ከሌለው ወንዝ ዳር ደረሱ ይባል። ጎርፉ ደፍርሷል፤ ጥልቀቱ አይታይም። አንደኛው ገብቶ ተሻገረ፤ ሁለተኛው ሞተሩን አጥፍቶ እስኪነጋ ቈየ። አንደኛው በዚያው ሌሊት ከተማ ገብቶ ጎበዝ ተባለ፤ ባለመኪናውም ጉርሻ ሰጠው። ሁለተኛው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደርሶ ፈሪ ተባለ፤ የቀረው ምልልስም ከደመወዙ ተቈረጠበት። የመጀመሪያው ሾፌር በመካከል ቢሰምጥ ኖሮ ግን ጎበዝ ያለው ያው ሕዝብ እብድ ይለው ነበር። ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ በውኃው ጥልቀት ብቻ ተለወጠ ማለት ነው።

ይህ ፍርድ ትክክል ሊሆን አይችልም። ያ ሾፌር በወንዙ ዳር በቆመ ጊዜ ጥልቀቱን አላወቀም፤ ባላወቀው ነገር ላይ የሌሎችን ነፍስ መያዣ አድርጎ ዕጣ ጣለ። በቍማር የረታ ሰው ከተረታው ይልቅ አስተዋይ ነው እንደማይባል ሁሉ፥ እርሱም በደኅና መድረሱ ጥበበኛ አያሰኘውም። ሥራ የሚመዘነው ሠሪው በቈረጠበት ሰዓት ሊያውቀው በሚችለው ነገር ነው እንጂ ኋላ በመጣለት ዕድል አይደለም። ይልቁንም መልካሙ ዕድል ክፉ መምህር ይሆንበታል፤ አንድ ጊዜ የዳነበት ስሕተት ሁለተኛ ጊዜ ልማድ፥ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ሙያ ይመስለዋልና።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ጀግንነትን በፍርሃትና በመጠን አልባ ድፍረት መካከል አኑሮታል፤ ደግሞም ጀግንነት መልካም ለሆነ ዓላማ ካልሆነ ጀግንነት አይባልም ብሎ አስተምሯል። በዚህ ሚዛን ሲታይ፥ ለእራት ሰዓት ወይም ለአንድ ተጨማሪ ምልልስ ዋጋ ሲሉ ጎርፍ መግባት ከጀግንነት አይቈጠርም። «ፈሪ» መባልን ንቆ፥ በመንገደኞች ጩኸትና በባለመኪናው ቍጣ ፊት ጸንቶ መቆም ግን ልብ የሚጠይቅ ነገር ነው። ውኃውን የደፈረው ሾፌር ስድቡን ፈርቶ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

«የሰው ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ቀኑ ካልደረሰ ማንም አይሞትም» ብለው የሚመልሱ አሉ። ቃሉ የእምነት ቃል ይመስላል፤ አጠቃቀሙ ግን ሊመረመር ይገባዋል። ይህን የሚል ሰው ማታ በሩን ይዘጋል፤ እህሉንም ከነቀዝ ይጠብቃል። ለንብረቱ የሚጠነቀቅ ሰው ለባልንጀራው ነፍስ ሲሆን ብቻ ሁሉን ለእግዚአብሔር ቢተው፥ ይህ ስንፍናን የእምነት ልብስ ማልበስ ነው። የኦሪት ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ፥ ከዚያ ሰው ቢወድቅ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት ያዝዛል። ሕጉ የሚወድቀው ሰው ቀኑ ደርሷል ወይም አልደረሰም ብሎ አይጠይቅም፤ መከታው ተሠርቷልን ብሎ ይጠይቃል። ያለቀ ጎማና የላላ ፍሬን ይዞ በክረምት ቍልቍለት የሚወርድ ሰው መከታ በሌለው ሰገነት ላይ እንግዳ እንደ ጋበዘ ሰው ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። በመኪናው ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ብትኖርስ? በዚህ ጊዜ መቆምም ራሱ ሊገድል ይችላል። ችግር ሚዛኑን ይለውጣል፤ የውኃውን ጥልቀት ግን አይለውጥም። ስለዚህ ሾፌሩ በቅድሚያ ወንዙን የሚያውቅ ያገር ሰው ይጠይቅ፤ በላይ ወይም በታች ድልድይ እንዳለ ይመርምር፤ ግድ የሌለባቸውን መንገደኞች ያውርድ፤ ለሚቀሩትም እውነቱን ሳይደብቅ ይንገር። ሰው የራሱን ነፍስ ለሌላው አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል፤ የሦስተኛውን ሰው ነፍስ ሳያስፈቅድ ሊሰጥ ግን አይችልም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ማሻገር እንደማይቻል ከታወቀ፥ በመቆሙ ሐዘን ሊደርስበት ይችላል፤ ነገር ግን ሐዘንና በደል አንድ አይደሉም። እውነተኛው ጥንቃቄ ደግሞ ከወንዙ ዳር ሳይሆን ከብዙ ቀን በፊት የሚጀመር ነው። በብዙ የገጠር ጤና ጣቢያዎች አጠገብ የእናቶች ማቆያ ቤት መሠራቱ፥ ሩቅ ያለች እርጉዝ ቀኗ ሳይደርስ መጥታ እንድትቀመጥ መደረጉም፥ በጎርፍ ዳር የሚመጣውን ያን ጭንቅ አስቀድሞ ለማስቀረት ነው።

ከዚህም ሌላ፥ በደሉ የሾፌሩ ብቻ አለመሆኑን ማሰብ ይገባል። ደመወዝን በምልልስ ቍጥር የሚከፍል ባለመኪና፥ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ እግሩን በነዳጁ ላይ እንደ ጫነ ይቈጠራል። «ምን ታንቀረፍፋለህ! ንዳው!» የሚል መንገደኛ፥ ለልቅሶም ሆነ ለሠርግ ቢቸኵል፥ የመሪውን እኩሌታ በእጁ ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገልጧል። ይህን የሚያህል ሞት የጥቂት ክፉ ሰዎች ሥራ ሊሆን አይችልም፤ የብዙ ደኅና ሰዎች ትንንሽ ችኰላ ተጠራቅሞ የሚያመጣው ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

ስለዚህ በክረምት መንገድ የሚደረጉ ትንንሽ ነገሮች ትንንሽ አይደሉም። ሳይነሡ ጎማውን፥ ፍሬኑን፥ የመስተዋቱን መጥረጊያና መብራቱን መመርመር፤ ቍልቍለቱን ፍሬን እያጋሉ ሳይሆን በከባድ ማርሽ መውረድ፤ በጉም ውስጥ ረጅሙ መብራት ተመልሶ ዓይን ያሳውራልና አጭሩን አብርቶ በዝግታ መሄድ፤ ከፊት ካለው መኪና መራቅ፤ ጥልቀቱ ያልታወቀ ጎርፍ አለመግባት፤ ከመሸ ማደር። እነዚህ ሁሉ ከውጭ ሲታዩ የሙያ ደንብ ናቸው፤ ከውስጥ ሲታዩ ግን ባልንጀራን መውደድ የሚገለጥባቸው ሥራዎች ናቸው። የሚወደደው ባልንጀራ ብዙ ጊዜ ስሙ አይታወቅም፤ ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ወስዶታል፤ ወይም በጉሙ ውስጥ በጎቹን እየነዳ መንገድ ያቋርጣል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ስለ ቀነሰለት ምስጋና አይሰጥም፤ ከምን እንደ ዳነ አያውቅምና። እንዲህ ያለው ምስጋና የማይከፈልበት ደግነት ግን፥ ከታየውና ከተወራለት ድፍረት ይልቅ የከበረ ነው።