ቋንቋና ባህል ሴትን ይሠሯታልን?

ሰው ሲወለድ ስምም ቋንቋም የለውም፤ ሁለቱንም የሚቀበለው ከአሳዳጊዎቹ ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት «እኔ» ስትል የምትናገረው ስለ ራሷ ነውን? ወይስ ሌሎች ስለ ሠሯት ሴት? ይህን ጥያቄ በከተማችን በሐረር እንመርምረው።

የጁገል ጎረቤቶቻችን ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ»፣ ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን» ይሉታል፤ የከተማ ቋንቋ ማለት ነው። እንደ አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው። የቤታቸው ግድግዳ ሴቶች በሰፉት ስፌት ያጌጠ ነው፤ ሙያውንም ልጃገረዶች ከትልልቅ ሴቶች ይማራሉ። ያገባች ሴት በባህሉ ጸጉሯን በሁለት ጠቅልላ ትሸፍናለች። ለሠርግና ለለቅሶ የሴቶች አፎቻ አለ። ስለዚህ ሐረሪዋ ገና ሳትናገር በጸጉሯ፣ በስፌቷና በአፎቻዋ ማንነቷ ይታወቃል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎችስ? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት እየሰማች ያደገች ልጅ በክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን ባታወጣ ምን ይደንቃል? ጎበዝ ሴት ስናይ ደግሞ «ወንድ ናት!» ብለን እናመሰግናለን፤ ምስጋናው ራሱ ሴትነቷን ይነጥቃታል። ሆኖም ይኸው ቋንቋ «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» ይላል። ደግሞም «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ የሚለየው አማርኛችን «እርስዎ» ሲል ወንድና ሴት አይለይም። ክብር በገባበት ልዩነቱ ይቀራል ማለት ነው። እንግዲህ ቋንቋ የሚጫነውም የሚያነሣውም ቃል አለው፤ መራጩ ተናጋሪው ነው።

አንዳንዶች «ባህል ከተነካ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሴቶች ሳይለውጡ ይጠብቁት» ይላሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ በኋላ ብዙ ሐረሪዎች ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ አገር ሄደዋል፤ በሰው አገር የእናት ቋንቋን ለልጅ ማቆየት ከባድ ነው። ነገር ግን ሸክሙ ለምን በሴት ልጅ ብቻ ይውደቅ? ወንድ ልጅ የአባቶቹን ቋንቋ ሲረሳ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይባላል፤ እኅቱ ስትረሳ ግን «ባህሏን ጣለች» ተብላ ትወቀሳለች። አንዱ የሚሸከመውና ሌላው የሚመሰገንበት ባህል ፍትሕ ይጎድለዋል።

መጠበቅ ማለትም አለመለወጥ አይደለም። የሐረር ስፌት ዛሬ ለግድግዳ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ለገበያም ይሰፋል፤ ሰፊዋም በእጇ ሥራ ገንዘብ ታገኛለች። ወጣቶች በዜማና በጭፈራ የሚተጫጩበት የሸዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በ1998 ዓ.ም. የተመዘገበው የጁገል ግንብ ድንጋይ ነው፤ በዓሉ ግን ሰዎች ካላከበሩት የለም። ቋንቋም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ባህልና ቋንቋ ሴትን ይሠሯታል፤ ግን አይጨርሷትም። ስፌት የምትማር ልጅ አሰፋፉን ከእናቷ ትወስዳለች፤ ቀለሙን ስትመርጥ ግን የራሷ ዓይን ይሠራል።

ወንድሞች፣ እኅት ስታመሰግኑ «ወንድ ናት» አትበሉ፤ «ጎበዝ ናት» ይበቃል። የቤታችሁንም ቋንቋና ሙያ አብራችሁ ተማሩ። እኅቶች፣ የሚያንሣችሁን ቃል ያዙ፤ የሚጥላችሁን ተረት ለልጆቻችሁ አታውርሱ።