አይቶ የማይጠይቅ ዐይን

ኢኤስፒ32-ካም የሚባለው የካሜራ ቦርድ ከክብሪት ሳጥን ያንሳል። የቤቱን ዋይፋይ ሲያገኝ የራሱ አድራሻ ይሰጠዋል፤ በዚያው ዋይፋይ ላይ ሆኖ አድራሻውን ስልኩ ላይ የጻፈ ሰው ሌንሱ ፊት ያለውን ያያል። ባለ 2 ሜጋፒክስሉ ካሜራ እያንዳንዱን ምስል ጨምቆ ጄፔግ ያደርገዋል፣ ቦርዱም ተራ በተራ ይልከዋል፤ አዲሱ ሲደርስ የፊተኛው ከስክሪኑ ይጠፋል። ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ስለዚህም ብዙዎች ከግቢ ያልወጣ ምስል ማንንም አይበድልም ይላሉ። ይህ ክርክር የሚጠብቀው ግን የቤቱን ባለቤት ብቻ ነው። ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት የምትከትፈው ሠራተኛ ማን እያያት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያያት አታውቅም።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 ከእመቤቷ ሸሽታ በምድረ በዳ የተገኘችው አጋርም የሰው ቤት አገልጋይ ነበረች። መልአኩ ምንጭ አጠገብ ሲያገኛት በቅድሚያ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። እግዚአብሔርን የሚያያት አምላክ ብላ የጠራችው ከዚህ በኋላ ነው። መታየቷ ያጽናናት ያያት ስላናገራት፣ መልስም ስለሰጠች ይመስለኛል። ታዲያ እግዚአብሔር በስውርም ያይ የለም ወይ? ያያል፤ እሱ ግን ልብንም ያውቃል። የቤቱ ባለቤት የሚያየው የሠራተኛዋን እጅ ብቻ ነው፤ እጅ ደግሞ ያለ ልብ ሲታይ በቀላሉ ይጠረጠራል። ዘበኛም ቀኑን ሙሉ ያያል፤ እሱ ግን እያየ ይታያል፣ ሰላምታም ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ካሜራ ተተክሎ ምስሉ በውስጥ ኔትወርክ ይታይ ነበር፤ ማንም ያልተከፋው የሚታየው ሰው ሳይሆን የቡና ማፍያ ስለነበረ ነው።

ሕፃን ልጁን ለሰው ትቶ የሚወጣ ወላጅ ስጋት እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። ሠራተኛዋ ካሜራ እንዳለ ከተነገራት ትጠነቀቃለች የሚለው መልስ ግን ራሱን ያፈርሳል፤ መጠንቀቋ ለልጁ ደኅንነት ከሆነ የተፈለገው ተገኘ ማለት ነው። ከዚህ ያለፈ ፍላጎት ካለ ሰውን ወጥመድ ውስጥ የማየት ፍላጎት ነው። የቦርዱ የናሙና ፕሮግራም የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ስለዚህ ባለቤቱ በቅድሚያ የይለፍ ቃል ያብጅለት፣ የዋይፋዩ ቁልፍ የደረሰው የሰፈር ልጅ ሁሉ ወጥ ቤቷን እንዳያይ። ቀጥሎም ሌንሱ የት እንዳለ ያሳያት፣ አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን ይስጣት። እሷም ያለችው እዚያው ዋይፋይ ላይ ስለሆነ፣ እሱ የሚያየውን ምስል በራሷ ስልክ ከፍታ ማየት ትችላለች።