እንግዳ ሆኖ ገብቶ ነጋዴ ሆኖ ለወጣ ልጅ

ተቀመጥ ልጄ። ስልክህን ኪስህ ክተተው፤ ዛሬ የሚቀረጽ ነገር የለም።

ከአንኮበር ያመጣኸውን ቪዲዮ የጎረቤት ልጅ አሳየኝ። ያቺን እናት አየኋት። ዝናብ ይዞህ ከደጇ ቆመህ «ቤት ለእንግዳ» ብትላት፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ብላ እሳት አስጠግታሃለች። ቆሎ ዘግናልሃለች፤ ጠላ ቀድታልሃለች። እግርህን ልጠብ ስትልህ እንኳ ስልክህን አላወረድክም። ከዚያ አዲስ አበባ ገብተህ «የተረሳችው የአንኮበር ምስኪን» ብለህ ለዓለም በተንካት፤ ከሥሩም የሚያስለቅስ ዋሽንት አስገባህበት።

ምስኪን ማን አለህ? ሁለት ጥማድ በሬ ያላት፣ ጎተራዋ ከገብስ ጎድሎ የማያውቅ፣ የተጣላ ሲኖር ሽማግሌ የሚሰበሰብበት ቤት ባለቤት ናት። ጭሱን አየህና ድህነት መሰለህ። የደጋ ሰው በክረምት ከእሳት ዳር እንደሚውል ደብረ ብርሃን ያደገ ልጅ ያጣዋል? አላጣኸውም። ጭሱ እንደሚሸጥልህ ስላወቅክ ነው። ከተማ ያሉ ልጆቿ ቪዲዮውን አይተው «እናታችንን ለማኝ አደረጋት» ብለው ሲያለቅሱ እንዳደሩ ትሰማ ዘንድ ነው ያስጠራሁህ።

ሥራህን አልነቅፍም፤ ይህን አስቀድመህ ያዝ። ተመርቀህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ የከረምክበትን ጊዜ አልረሳሁም። እየዞሩ አገር ማሳየት፣ ባሳዩትም እንጀራ መብላት ነውር የለውም። ሒሳቡንም አንተው አስረድተኸኛል። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል አንድ ሺህ ተከታይና በዓመት ውስጥ 4000 ሰዓት የታየ ሥራ ይጠይቃል አልከኝ። በረጅሙ ቪዲዮ ላይ ከሚገባው የማስታወቂያ ገንዘብ 55 በመቶው ለሠሪው ነው፤ 100 ዶላር ሳይሞላ ግን አይከፈልም አልከኝ። ያን ቀን ዝም ብዬ ሰማሁህ፤ ዛሬ ግን ልጠይቅህ። በዚህ ሁሉ ቁጥር ውስጥ «እውነት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ የት አለ? የሚቆጠረው ሰው ስንት ደቂቃ ዓይኑን እንዳፈጠጠ ነው። ስለ እውነቱ የሚጠይቅህ የለም፤ ስለዚህ ጠያቂው አንተው ራስህ መሆን ነበረብህ። አልሆንክም። ደቂቃ ለማራዘም ብለህ የሰው ክብር አሳጠርክ።

በአያቶቻችን ዘመን አልዩ አምባ ገበያ ዓርብ ዓርብ ሲቆም መገበያያው አሞሌ ጨው ነበር። ጫፉ የተሸረፈ አሞሌ እንደ ሙሉ አይቆጠርም። የመንገደኛ ቃልም እንደዚያው ነው። አገሩን ያላየ ሰው አንተን አምኖ ይቀበላል፤ መሸረፉን የሚያውቀው ከእጁ ከገባ በኋላ ነው።

አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የሚባል እንግሊዛዊ መልእክተኞች አስከትሎ ወደ ሸዋ ወጣ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በክብር ተቀበሉት፤ ድርጎ ቆረጡለት፤ በዚያው ዓመት በኅዳር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። ሰውዬው አገሩ ሲመለስ የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1844 ስለ እኛ በሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ተራራውን ከሚገባው በላይ አገነነ፣ ያበሉትን ሰዎች ደግሞ ከሚገባቸው በታች አወረደ። አልዩ አምባ ላይ ከገበያተኛው ጋር የከረመው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን በዚያው ዓመት የራሱን መጽሐፍ አውጥቶ የሐሪስን አያያዝ ነቀፈ። ሐሪስ ባዕድ ነበር፤ ቋንቋችንን አያውቅም ብለን እናልፈዋለን። አንተን ምን ብለን እንለፍህ? የሴትዮዋ ምርቃት በገዛ ቋንቋህ ጆሮህ ገብቷል።

ሁለተኛው ጥፋትህ ስንፍና ነው። ፈርሶ ከቀረው የአንኮበር ቤተ መንግሥት ግንብ አጠገብ ቆመህ «አጤ ምኒልክ እዚህ ተወለዱ» አልክ። አጤ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው። ከአዲስ አበባ ስትመጣ ጫጫ ላይ ወርደህ አንድ የቆሎ ተማሪ ብትጠይቅ ይነግርህ ነበር፤ አንተ ግን ሚኒባስ ውስጥ ተኝተህ አለፍክ። ይባስ ብለህ «የተቀበረው የምኒልክ ወርቅ» የሚል ርእስ ለጠፍክበት። ነገ አንዱ ቦዘኔ ይህን አምኖ በሌሊት ዶማ ይዞ ቢመጣ፣ የሚቆፍረው የአባቶቻችንን አጥንት መሆኑን አስበሃል?

ወፏንስ ምን አድርጋህ ነው? በገደላችን አፋፍ የምትኖር አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በሳይንስ መዝገብ ስትሰፍር ስሟ በአንኮበር ተሰየመ። እሷን ለማየት የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ በብርድ ገደል ጫፍ ተቀምጦ ይጠብቃታል። አንተ ቡናማነቷ አላማረህምና የሌላ አገር ጌጠኛ ወፍ ሥዕል ከሌላ ሰው ወስደህ «የአንኮበር ወፍ» አልካት። አየህ፣ የሕመምህ ሥር እዚህ ላይ ነው። ያለው ነገር አይበቃህም። ቡናማውን ቡናማ ብሎ ማሳየት ሞት መሰለህ፤ ሰውዬው ግን ያን ሁሉ መንገድ የሚመጣው ለዚያችው ለቡናማዋ ነው።

ሦስተኛው የአልጋው ነገር ነው። በነጻ ያደርክበትን ቤት «ከዚህ የተሻለ ማረፊያ በሸዋ የለም» አልክ፤ በነጻ ማደርህን ግን ዋጥከው። እኔ በሽምግልና ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። ከባለጉዳይ ቤት ምሳ በልቶ የመጣ ምስክር፣ ቃሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ቃሉ አይያዝለትም። አንተን አምኖ የልጆቹን ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣ አባወራ ቀዝቃዛ ውኃና እርጥብ ፍራሽ ቢገጥመው የሚረግመው ማንን ነው? «በነጻ አሳድረውኛል» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። እሱን መናገር ካሳፈረህ አልጋውን አለመቀበል ነበር።

መጓዝና መጻፍ እንዴት እንደሚያስከብር ለማወቅ ባሕር ማዶ መመልከት አያሻህም። ከዚሁ ከሸዋ፣ ከመርሐቤቴ የወጡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ሄደው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። የሄዱት ለወገናቸው የሚጠቅም ነገር ይዘው ሊመለሱ ነበር፤ ስለ ሰው አገር ሲጽፉም ያስተናገዳቸውን ሰው መሳቂያ አላደረጉም። የሰው አገር ሰው ይህን ያህል ከተከበረ የገዛ አገርህ እናት በስንት ልትከበር ነው?

እንግዲህ የምልህን ስማ። የሰው ፊት ከማንሳትህ በፊት አስፈቅድ። «ላንሳሽ?» ማለት ብቻ ፈቃድ አይደለም፤ ማን እንደሚያየው፣ ምን ተብሎ እንደሚወጣ፣ አንተም ገንዘብ እንደምታገኝበት ንገራት። እምቢ ካለች አመስግነህ ውጣ። ጊዜው ደግሞ ክፉ ነው፤ የሰውን ደጅና ስም አደባባይ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ለአንተ አይነገርም። ቅዳሴ ላይ የቆመን ሰው፣ ለቅሶ የተቀመጠን፣ ያላደገን ልጅ አትንካ። የተሳሳትከውን በተሳሳትክበት ቦታ አርም፤ ርእሱን በሌሊት ለውጦ ዝም ማለት እርማት አይደለም። መንገድ ላሳየህ እረኛ፣ በቅሎ ላከራየህ፣ ታሪክ ላወራህ ሽማግሌ ከገቢህ ድርሻ ቁረጥ። ያለ እነሱ አንተ ጉም የምትቀርጽ ሰው ነህ።

«ሌሎቹስ?» እንዳትለኝ። የሌሎቹን አባት አላውቅም፤ አንተን ግን ክርስትና ያነሳሁህ እኔ ነኝ። «እውነቱን ብናገር ተመልካች ይቀንሳል» የምትለውንም ሰምቻለሁ። ይቀንስ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲሉ አልሰማህም? መንገደኛ ስለሆንክ ይህ ተረት ከማንም ይልቅ የሚነገረው ለአንተ ነው። ዛሬ ስልቻህ የሞላ ይመስልሃል፤ ሁለት ቀን ተጉዘህ ስትፈታው ባዶ ይሆንብሃል፤ ያን ጊዜ በየትኛው ደጅ ቆመህ «ቤት ለእንግዳ» ትላለህ? ያስገባህ ቤት ሁሉ ወሬህን ሰምቷል። የሚብሰው ደግሞ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ነው። በእውነት ዝናብ የመታው፣ በእውነት የራበው መንገደኛ በዚያ ደጅ ሲጣራ፣ ያቺ እናት መጀመሪያ የምታየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ይሆናል፤ ስልክ ይዞ እንደሆነ። አንተ ያጎደልከው ለእሱ የሚገባውን እሳት ነው።

ስለዚህ ቪዲዮውን ዛሬ፣ እዚሁ ፊቴ፣ አውርደው። ካገኘህበት ገንዘብ ጋቢ ግዛ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስም ቢሆን ይሁን። ቅዳሜ በጠዋት አንኮበር ትሄዳለህ፤ እኔም ቆዳዬ ብርዱን ባይችልም አብሬህ እሄዳለሁ። እደጇ ስትደርስ እንደ መጀመሪያው ቀን «ቤት ለእንግዳ» በል። ግባ ካለችህ ትገባለህ፤ ዝም ካለችህ እዚያው ደጅ ላይ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ትለምናለህ። ይቅር ብላ ስትመርቅህ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ታየዋለህ። በሕይወትህ ካየኸው ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ልቅረጸው ብለህም እጅህ ወደ ኪስህ ይሄዳል።

ያን እጅህን ካየሁት፣ ልጄ፣ ወደ ቤቴ አትምጣ።