ዘማቹን ያጽናኑ እጆች



ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 8 ማርያም መግደላዊት፣ ዮሐና፣ ሶስናና ሌሎች ብዙ ሴቶች ጌታችንንና ደቀ መዛሙርቱን ከገንዘባቸው እያወጡ ያገለግሉ እንደ ነበር ይነግረናል። ከገሊላ የተከተሉት ሴቶች መስቀሉንም አልሸሹም፤ ሽቱ አዘጋጅተው ወደ መቃብሩ ገሥግሠዋል። አገልግሎታቸው በጉዞው ጀምሮ ሁሉ ነገር ያበቃ በመሰለበት ሰዓት እንኳ አልተቋረጠም። ወደ ጦር ሜዳ ስለሚሄዱትና ከዚያ ስለሚመለሱት ልጆቻችን ስናስብ ይህን ታማኝነት በፊታችን ልናኖር ይገባናል።

የአገራችን ሴቶች በዚህ ረገድ ትልቅ ምስክርነት ትተውልናል። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በወረረን ጊዜ፣ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የሚመራው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ለዘማቹ የቁስል መጠቅለያና የመርዝ ጢስ መከላከያ ጭንብል ያዘጋጅ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ሀብታቸውን ለአርበኞች ስንቅና መድኃኒት ስላዋሉ ተይዘው፣ ባሕር ተሻግረው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው ሕሙማንን አገለገሉ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኖ ወታደሮች የሚታከሙበት መሆኑ የሕይወታቸውን ትርጉም ይመሰክራል።

የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ በዘመተ ጊዜም ጥቂት ኢትዮጵያውያት ነርሶች ባሕር ተሻግረው የወገኖቻቸውን ቁስል አክመዋል። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ወታደሮቻችን ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። ቋንቋውን በማያውቀው አገር የተኛ ቁስለኛ በእናቱ ቋንቋ «እንዴት አደርክ፣ ወንድሜ?» ሲባል ምን ያህል እንደሚበረታ ለመገመት አያዳግትም። መድኃኒቱ ሥጋውን ሲጠግን ያ ቃል ነፍሱን ያቀናል።

ቅዱስ ጳውሎስ ሁለተኛውን የቆሮንቶስ መልእክት ሲጀምር፣ እግዚአብሔር የሚያጽናናን እኛም በተራችን ሌሎችን እንድናጽናና መሆኑን ያስተምራል። ይህም በኮርያ ታይቷል። የቃኘው ወታደሮች ከደመወዛቸው እያዋጡ ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ሕፃናትን የሚያሳድግ ቤት አቋቁመዋል። ጠመንጃ የያዘ እጅ ሕፃን ሊያጎርስ የቻለው በልቡ ርኅራኄ ስላልጠፋ ነው።

በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ አገልግሎት ነበረ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ከእ.ኤ.አ. 1965 እስከ 1972 ከ600 በላይ ወጣት ሴቶችን ወደ ቬትናም ልኮ ነበር። ሥራቸው ወታደሮቹን በጨዋታና በወግ ከጭንቀታቸው ማሳረፍ ነበር። ሲመለሱ ግን ብዙዎቹ ያዩትን ሐዘን በልባቸው ይዘው ለዓመታት ዝም አሉ፤ የጠየቃቸውም ጥቂት ነበር። በእኛም አገር ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋር ስለ ተወዳጀ የኮርያ ዘማቾች ውለታ ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ቆይቷል። በከበሮና በእልልታ የተሸኘ ሰው ሲመለስ በዝምታ ይቀበሉታል። ያጽናናችው ሴት ደግሞ ራሷ አጽናኝ ታጣለች።

ዘማቹን ማጽናናት ጦርነትን ማወደስ እንዳልሆነ ለተማሪዎቻችን በግልጽ ልናስረዳ ይገባል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ቤተ ክርስቲያን በዘመናችን ዓለም ስላላት ተልእኮ ባወጣው ሰነድ በቁጥር 79፣ ወታደር ራሱን የሕዝቦች ደኅንነትና ነጻነት አገልጋይ አድርጎ እንዲመለከት ያሳስባል፤ በዚያው ስፍራ የጦርነትን ጭካኔ አጥብቆ ይቃወማል። በማቴዎስ ምዕራፍ 25 ጌታችን ስለ ታመመውና ስለ ታሰረው ሲናገር ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ አልለየም። ስለዚህ ክርስቲያናዊት እናት የራሷን ልጅ ስትጠግን በወዲያኛው ወገን ስላለችውም እናት ልትጸልይ ይገባታል።

ከተማችን ሐዋሳ በ1950ዎቹ ስትቆረቆር ከመጀመሪያ ሰፋሪዎቿ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል ጦርነት በነበረበት ጊዜ በየከተማው እናቶች በሶና ዳቦ ቆሎ ሲያሰናዱ አይተናል። ያ ስንቅ ካለቀ ቆይቷል፤ ቁስሉ ግን በየቤቱ አለ። እግሩን ያጣው ወጣት፣ ሌሊት በድንጋጤ የሚነቃው አባት፣ ልጇ ያልተመለሰላት እናት ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ስለዚህ በየቁምስናው ያላችሁ የእናቶች ማኅበራት፣ ከመካከላችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ እነዚህን ቤቶች ጎብኙ። ስለ ውጊያው አትጠይቁ፤ ሊናገር ከወደደ አድምጡት፤ ዝም ካለም አብራችሁት ተቀመጡ። ሕክምና የሚያስፈልገውን ወደ ሐኪም አድርሱ። ወንዶችም ይህን ሸክም ለእኅቶቻችን ብቻ አንተውላቸው። ከጉብኝት ስትመለስ ልቧ የከበደባትን እኅት ደግሞ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ የሚጠይቃት አይጥፋ።

አጽናኝ የሆነው መንፈስ ቅዱስ፣ ጰራቅሊጦስ፣ በቤታችን ደጃፍ ያለውን ቁስለኛ እንድናይ ዐይነ ልቡናችንን ያብራልን። በመስቀሉ አጠገብ የቆመች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ስለ አገራችን ሰላም ታማልደን። አሜን።